ወንበር ሰማንያ፣ ማይክ ሁለት፣ አስተርጓሚ አንድ

«እትዬ ፕሮግራም» የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው። በኮሪደር ላገኘችው ሁሉ «ረቡዕ ፕሮግራም አለ፣ እንዳትቀሩ!» ሳትል አልፋ ስለማታውቅ ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። የሥራ መደቧ «ከክፍል ውጪ የተማሪዎች እንቅስቃሴ አስተባባሪ» ነው። ይህን እስከ መጨረሻው ለመጥራት የሚበቃ ትንፋሽ ያለው ሰው ስላልተገኘ፣ የኮሌጁ ዲን እንኳ እሷ በሌለችበት እትዬ ፕሮግራም ይሏታል። ታውቃለች፤ አትቀየምም። መቀየም ጉልበት ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ የቀራትን ጉልበት ለወንበር ሸክም ነው የቆጠበችው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ትምህርት የለም። በዚያ ሰዓት ተማሪው ሁሉ በአንድ ነገር እንዲሳተፍ ማድረግ የሷ ዕዳ ነው፤ ድራማ በሉት፣ ክርክር በሉት፣ መረብ ኳስ በሉት። «ሁሉ» ሲባል ደግሞ ሁሉ ነው። በክራንች የሚሄደው፣ ማየት የተሳናት፣ ልጇን አዝላ የምትማረው፣ ሰው ፊት ሲቆም ላብ የሚያጠምቀው፣ አንድም አይቀር። መግቢያው ግድግዳ ላይ በትልቁ «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» ተብሎ ተጽፏል። ለመጻፍማ ቀለምና መሰላል ይበቃል። ደረጃው ላይ ጣውላ የምታነጥፈው፣ የሰፊውን መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ፍለጋ ዘበኛ የምታሳድደው፣ ማስታወቂያውን በትልልቅ ፊደል ደግማ የምትጽፈው ግን እሷ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ከረመች። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይንቋቋል። ባሏ «አንቺን ራስሽን ማን ነው የሚያሳትፍሽ?» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም መልስ ፍለጋ አትደክምም።

ከሥራዋ ሁሉ የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ቅጹ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መስማት የተሳነው ልጅ ኤሌክትሪክ ክፍል ገባ። ለአዲስ ገቢዎች በተዘጋጀው አቀባበል ላይ አስተርጓሚ ማቆም ተረሳና፣ ልጁ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰው ከንፈር ሲያይ ዋለ። ሰው ሲስቅ ዘግይቶ ይስቃል፤ ሰው ሲያጨበጭብ ግራ ቀኙን አይቶ ያጨበጭባል። እትዬ ፕሮግራም ይህን አይታ በማግስቱ ቁጭ ብላ የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ አወጣች፤ ንብረት ክፍል ካልፈረመበት ምንም ፕሮግራም አይጀመርም። ወንበር፣ ስንት። ማይክ፣ ስንት። ጠረጴዛ፣ ስንት። አስተርጓሚ፣ ስንት። እውነትም ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚ ተረስቶ አያውቅም።

ታዲያ «አስተርጓሚ አንድ» የልጁ እህት ናት። ኮሌጁ ሌላ አልቀጠረም፤ «በሂደት ላይ ነው» ከተባለ ሁለት ዓመቱ። ልጅቷ ወንድሟን በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ፍላጎቷ የሕንፃ ንድፍ መማር ነበር። ልብስ ሰፊዋ እናታቸው ግን «አንቺ ከሌለሽ እሱ ከማን ጋር ያወራል? አብራችሁ ትገባላችሁ» ብለው ቆረጡ። እሱ እስኪደርስ ጠብቃ አብራው ገባች። አቀባበሉ ላይ ሴትና ወንድ ተለያይቶ ስለተቀመጠ ከሩቅ ከማየት በቀር አልቻለችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ። መምህሩ በአፉ ሲያስተምር እሷ በእጇ ታስተምራለች፤ የራሷን ማስታወሻ ከጓደኛ ተውሳ ነው የምትገለብጠው። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ መድረክ ጥግ ቆማ የሰው ንግግር፣ የሰው ቀልድ፣ የሰው ዘፈን በእጇ ታወጣለች። ሰዉ «ጥሩ ልጅ» ይላታል። ከዚያ ያለፈ ስለሷ የሚያውቅ የለም፤ እትዬ ፕሮግራምም ብትሆን።

ነገሩ የተከሰተበት ሳምንት የዓመቱ ከባዱ ሳምንት ነበር። ረቡዕ የአካታችነት ቀን ይከበራል፤ እንግዶች ይመጣሉ፣ ዲኑ ይናገራሉ፣ ፎቶ ይነሳል። አዳራሹ ፊት «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ሰኞ ጠዋት እትዬ ፕሮግራም የቀኑን መርሐ ግብር ሰሌዳው ላይ ስትለጥፍ፣ ዓይኗ ጎኑ ያለው የቼዝ ውድድር ወረቀት ላይ አረፈ። ለፍጻሜ ካለፉት ሁለት ስሞች አንዱ ተሰርዟል፤ በንዴት እንዳይመስላችሁ፣ በማስመሪያ። ስሙን ጠጋ ብላ አነበበችው። የአስተርጓሚዋ ነው።

የስፖርት መምህሩን ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ኳስ ሲነፋ አገኘችው። አብረው የተቀጠሩ፣ አብረው ያረጁ ናቸው።

«ይቺ ልጅ ቼዝ ትጫወታለች እንዴ?»

«ትጫወታለች ወይ ትያለሽ? አሥራ ስድስት ሰው ገብቶ እሷና የብረታ ብረት ክፍሉ ልጅ ናቸው የቀሩት። እስከ አሁን በምሳ ሰዓት ነበር የምናጫውታቸው። ወንድሟ ወርክሾፕ ሽቦ ሲፈታታ እሷ ሹልክ ብላ እዚህ ትመጣለች።»

«ታዲያ ለምን ሰረዘችው?»

ፓምፑን አስቀምጦ ትክ ብሎ አያት። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ፍጻሜውን ረቡዕ ያደረግሽው? ‹ቀኑ ሞቅ ይበል፣ ጎን ለጎን ውድድርም ይኑር› ብለሽ! ልጅቷ ረቡዕ ስምንት ሰዓት የት እንደምትቆም ደግሞ ቅጽሽ ላይ አለ።»

«ለኔ አይነገርም?»

«‹ለእትዬ እንዳይነግሩብኝ፣ ብዙ ሥራ አለባቸው› አለችኝ። ምን ላድርግ?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። መርሐ ግብሩን ያወጣችው እሷ፣ ማህተሙን የመታችው እሷ፣ ሁለቱን በተመሳሳይ ሰዓት የደረበችው እሷ። ደግሞ የሚያበሳጨው፣ ልጅቷ ከቼዝ ሌላ በዚህ ግቢ ውስጥ የኔ የምትለው ነገር እንደሌላት አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ኳስ ማስቀመጫው በር ላይ ቆማ ነው የገባት።

ሰኞና ማክሰኞ እግሯ እስኪቀጥን ዞረች። ፍጻሜው ወደ ሐሙስ ይዛወር አለች፤ የብረታ ብረቱ ልጅ ሐሙስ ጠዋት ለሦስት ወር የሥራ ልምምድ ይሄዳል። ወደ ማክሰኞ ይምጣ አለች፤ ማክሰኞ ሁለቱም ፈተና አለባቸው። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ይሁን አለች፤ ለፍጻሜ ያ አይበቃም ተባለች። ሌላ አስተርጓሚ ፍለጋ ወደማታውቃቸው ቢሮዎች ሁሉ ደወለች፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት። አንድ ሰው ብቻ ስልክ አነሳ፤ «እህቴ፣ ረቡዕ ሦስት ቦታ ነው ያለሁት፣ አራተኛ እግር የለኝም» ብሎ ዘጋ። የቀሩት ዲኑ ነበሩ።

«የረቡዕን ዝግጅት ግማሽ ሰዓት ብንገፋውስ?» አለቻቸው።

«እንግዶቹ ጥሪ ደርሷቸዋል እኮ። ደግሞ ምን ችግር አለ? ልጅቷ ትረዳናለች፤ ጥሩ ልጅ ናት።»

 ይህችን «ጥሩ ልጅ ናት» የምትል ቃል እትዬ ፕሮግራም ራሷ ስንቴ ብላታለች! ሥራ ሲበዛባት፣ ሰው ሲጠፋ፣ ቀዳዳ ስትደፍንባት። ከሌላ አፍ ስትሰማት ደስ አላለቻትም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጅቷን አዳራሽ ውስጥ አገኘቻት። ማንም ሳያዛት ወንበር እያሰለፈች ነው።

«ለምን ሰረዝሽው?»

ልጅቷ የያዘችውን ወንበር ቦታ ቦታውን አስያዘችና አንገቷን ደፋች። «ግድ የለም እትዬ። ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን ከኔ ደበቅሽው?»

«ምን ልበልዎት? ወንድሜ ይቅርበት ልበል?» አለች፤ ግራ አንጓዋን በቀኝ እጇ እያሻሸች ነው፣ ልማዷ ነው። «እሱ ፕሮግራም ይወዳል። አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። እኔ ቼዝ ልጫወት ብዬ እንደዚያን ጊዜ ሰው ሲስቅ ዘግይቶ ሲስቅ አላየውም።»

እትዬ ፕሮግራም ቢሮዋ ገብታ የሁለት ዓመቱን የአዳራሽ ፕሮግራሞች የመገኘት ፊርማ ወረቀት ዘረጋች። ወንድምየው ሠላሳ አራት ፕሮግራም፣ ሠላሳ አራት ፊርማ። የእህትየውን ስም ከላይ እስከ ታች ፈለገች። የለም። አንዲትም ቦታ የለም። ለካ በወረቀቱ ላይ የሚፈርሙት ተሳታፊዎች ናቸው፤ እሷ ያለችው በሌላኛው ወረቀት ላይ ነው፣ ከወንበሩና ከማይኩ ጋር። እትዬ ፕሮግራም መነጽሯን አውልቃ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ደክሟት ነበር፤ አሁን ደግሞ አፈረች። ድካምና እፍረት አንድ ላይ ሲመጡ ሰው የት እንደሚቀመጥ እንኳ ይጠፋዋል።

ረቡዕ ከምሳ በፊት አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ ልጁን መለመን። አስቡት እንግዲህ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት «እንዳትቀሩ» ስትል የኖረች ሴት፣ በአካታችነት ቀን፣ መስማት የተሳነውን ተማሪ «እባክህ ቅር» ልትል ስትሄድ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ወርክሾፑ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ የተፈታ ማራገቢያ ፊቱ በትኖ ጎንበስ ብሏል። ስታንኳኳ እንደማይሰማ ታውቃለች፤ መብራቱን አጥፍታ አበራችው። ዞሮ ፈገግ አለና ለመቀመጫ የሽቦ ጥቅልል ገፋላት። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። እህትህ ዛሬ ስምንት ሰዓት የቼዝ ፍጻሜ አላት። ላንተ ብላ ትታዋለች። ዛሬ ብቻ ብትቀርልኝስ? እያፈርኩ ነው የምጠይቅህ።

አነበበው። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ «ቼዝ? ‹በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ነው የምሄደው› ነበር የምትለኝ» ብሎ ጻፈ። ቆየት አለና ከሥሩ ሌላ ጨመረ። «እኔ እኮ ፕሮግራም አልወድም።»

እትዬ ፕሮግራም የተሳሳተች መስሏት ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ሠላሳ አራት ጊዜ መጥተሃል እኮ! ብላ ጻፈች። 

ልጁ ብዙ ጻፈ። መጀመሪያ ላይ፣ ይላል፣ የመጣሁት እርስዎ ክፍል ድረስ መጥተው ስለሚጠሩኝ ነው፤ እምቢ ብል ይከፋዎታል ብዬ። በኋላ ግን ለእህቴ ስል ነው። ረቡዕ በጊዜ ቤት ከገባን እናቴ ልብስ ስፌት ላይ ታስቀምጣታለች። ፕሮግራም ካለ ግን እሷም ሰው ታያለች፣ ትስቃለች። እሷ ነች ፕሮግራም የምትወደው። እኔስ መብራቱ ዓይኔን ያመኛል፣ ንግግሩ ይረዝምብኛል፣ ግማሹን ጊዜ እንቅልፌ ይመጣል። ለሷ እንዳይነግሩብኝ።

ሦስቴ አነበበችው። ሠላሳ አራት ረቡዕ! እሱ ለሷ ሲል፣ እሷ ለሱ ስትል። እትዬ ፕሮግራም ደግሞ ለሁለቱም ስትል ወንበር ስትሸከም። እሷስ ብትሆን ፕሮግራም እንደምትወድ ማን ነገራችሁ? ስንት ዓመቷ ነው ሳትወደው! ሦስት ሰው አንዱ ለሌላው ሲል የማይፈልገው ቦታ ሁለት ዓመት ተመላልሷል። ቅጿ ላይ ወንበር ስንት፣ ማይክ ስንት የሚል አለ፤ «ትፈልጋለህ ወይ?» የሚል መስመር የለም። ሳቅም ለቅሶም ባንድ ጊዜ መጣባትና ሁለቱም ሳይወጡ ቀሩ። 

እስክሪብቶውን መልሳ ተቀብላ ጻፈችለት። ይቅርታ አድርግልኝ። ሳልጠይቅህ ነው የኖርኩት። ዛሬ ምን ትፈልጋለህ?

ልጁ ብዙም አላሰበ። «ቼዙን ማየት» ብሎ ጻፈ።

ልጅቷ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትለቅ አልሆነችም። እትዬ ፕሮግራም አዳራሹ በር ላይ አግኝታ «ሂጂ ተጫወቺ፣ ወንድምሽም ሊያይሽ እዚያ ይመጣል» ስትላት «ቅጹ ላይ አለሁ እኮ እትዬ፣ ንብረት ክፍል ፈርሞበታል» አለች። በልጅቷ አፍ ሲወጣ ነገሩ ይበልጥ አስቀያሚ ነበር። እትዬ ፕሮግራም ቅጹን ከአቃፊዋ መዘዘች፣ ግድግዳው ላይ አስደግፋ «አስተርጓሚ» ከሚለው አጠገብ ያለውን «አንድ» በእስክሪብቶ ድብን አድርጋ ሰረዘችው። በማስመሪያ አይደለም።

«ይኸው፣ የለሽም። አሁን ሂጂልኝ!»

ዲኑ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ደረሱ። «ሁሉም ዝግጁ ነው?»

«ዝግጁ ነው። መስማት የተሳነው ተማሪያችን ግን ዛሬ አይገኝም።»

«በአካታችነት ቀን? ምን ሆኖ ነው?»

«ሌላ ፕሮግራም አለበት።»

ዲኑ ክራቫታቸውን ለቀቁት። «እና ፎቶው? ሪፖርቱስ? ይህች የረቡዕ ሰዓት እንዳትነጠቅብን ስንት ስንለፋ! ኋላ ወደ ትምህርት ትመለስ ቢሉን ማን ይመልስልናል?»

ይህንንም አስባበታለች። ሰዓቷ ብትነጠቅ የሷም ሥራ አብሮ ይነጠቃል፤ ጡረታዋ ደግሞ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ፈርታለች፤ አልፈራሁም ብትል ውሸት ነው። ግን ከፍርሃቷ ይልቅ ድካሟ በለጠ። «መርሐ ግብሩ ይኸውልዎት፣» ብላ ወረቀቱን አስጨበጠቻቸው፣ «ዛሬ እርስዎ ይምሩት። ሁሉም እንግዳ ሰሚ ነው፣ የሚቸገር የለም።» ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሞላበት አዳራሽ ጥላ ወጣች።

ቼዙ የሚካሄደው የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ነው። መረብና ኳስ ወደ ጥግ ተገፍቶ አንድ ጠረጴዛ ገብቷል። ወንበር ግን ለተጫዋቾቹ ሁለት ብቻ ነበር፤ ሰማንያውን ማን እንደወሰደው ይታወቃል። ተመልካቹ፣ ሰባት ስምንት ሰው ቢሆን ነው፣ የጂምናስቲክ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ፕሮግራምም ጉልበቷን እያንቋቋች ዝቅ አለች። መቀመጥ እንዴት ደስ ይላል!

ወንድምየው ሲገባ ልጅቷ አየችው። ሁለት እጆቿ ሳታዛቸው ከጠረጴዛው ተነስተው አየር ላይ ቆሙ። የሚተረጎም ግን አልነበረም፤ የሚናገር ሰው የለም። ልጁ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በአገጩ ወደ ሰሌዳው አመለከታት፤ ተጫወቺ ማለቱ ነው። እጆቿን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ከዚያም አንዷን ወታደር ሁለት እርምጃ ገፋች።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። እትዬ ፕሮግራም ከቼዝ ፈረሱን ብቻ ነው የምታውቀው፣ እሱንም በመልኩ። ግን ልጅቷ የምታስብበትን ፊት አየች፤ ከንፈሯን ወደ ውስጥ ነክሳ፣ ማንንም ሳታይ፣ ለማንም ሳትል። ከአዳራሹ በኩል የማይክ ድምፅ ይመጣል፤ ዲኑ ስለ አንድ እጅና ስለ ሁለት እጅ እያወሩ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ይንቀጠቀጣል። አላወጣችውም። የብረታ ብረቱ ልጅ እስክሪብቶውን ሲያኝክ ቆይቶ የልጅቷን ፈረስ በላ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቁልቁል ሆነ። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ሰሌዳውን አየች፣ ንጉሧን በጣቷ አስተኛችና እጇን ለሰላምታ ዘረጋች። ተሸነፈች።

የስፖርት መምህሩ ወረቀት ዘረጋላት። «እዚህ ላይ ፈርሚ።»

«የምን ነው?»

«የተሳታፊ ነዋ! የተጫወተ ይፈርማል።»

ልጅቷ ፈረመች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረችና እጆቿ ጀመሩ። ኧረ ምን ዓይነት መጀመር! ፈረሱ የነበረበትን ቦታ በአየር ላይ ትስላለች፣ ትሰርዘዋለች፣ ግንባሯን ትመታለች፣ የብረታ ብረቱን ልጅ እስክሪብቶ አኘካከክ ታሳያለች፣ ራሷን ትሳደባለች መሰለኝ፣ ትስቃለች። ወንድምየው ያቋርጣታል፣ ታቋርጠዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እትዬ ፕሮግራም እነዚህን እጆች በየመድረኩ አይታለች፤ እንዲህ ሲፈጥኑ አይታ አታውቅም። ያን ጊዜ ሁሉ የሰው ወሬ ነበር የሚያመላልሱት።

ምን እንደምትል ግን አንዲት ቃል አልገባትም። ሰው ሲስቅ ዘግይታ ሳቀች። ልጅቷ ይህን አየችና በልማዷ ደንገጥ ብላ እጇን አቆመች፤ ፊቷ ተመልሶ የሥራ ፊት ሆነ።

«ውይ እትዬ፣ ይቅርታ! ላስተርጉምልዎት?»

«ተይው የኔ ልጅ፣» አለች እትዬ ፕሮግራም፣ ፍራሹ ላይ እግሯን እየዘረጋች። «የናንተ ወሬ ነው፤ ቀጥሉ።»